ሦስት ቁልፎች፣ ሁለት እጆች



በ1990ዎቹ ዓ.ም. በተጀመረው የወረዳ ኔት ፕሮጀክት ኮምፒውተር ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ከዘለቀ ወዲህ፣ እንደ ሞርሲቶ ባሉ ከተሞቻችን አንድ ልማድ አብሮት ኖሯል፤ ማሽኑ «ሀንግ ሲያደርግ» ሶኬቱን መንቀል። ይህ ልማድ የት መጣውን ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ያሻል።

አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ ያበቃው በነሐሴ 1981 እ.ኤ.አ. ነው። በዝግጅቱ ወቅት ማሽኑ በቆመ ቁጥር አጥፍቶ ማብራት፣ ሜሞሪው ተፈትሾ እስኪያበቃ መጠበቅም ግድ ነበር። ዴቪድ ብራድሌይ የተባለው መሐንዲስ ለባልደረቦቹ አቋራጭ አበጀ። መጀመሪያ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኢስኬፕ ነበሩ፤ ሦስቱም በግራ በኩል ስለሚገኙ በስህተት እንዳይነኩ ኢስኬፕ በዲሊት ተተካ። ዲሊት በቀኝ ጥግ ስለነበር ሁለት እጅ ይጠይቃል። አቋራጩ ለሠሪዎቹ እንጂ ለእኛ የታሰበ አልነበረም።

ትልቁ ለውጥ ግን ከቁልፎቹ ይልቅ በተራ አያያዝ ላይ ነው። በ1990 የወጣው ዊንዶውስ 3.0 ፕሮግራሞቹ ተራቸውን በፈቃዳቸው እንዲለቁ ይጠብቅ ነበር። ሰብሳቢ የሌለው ሸንጎ አስቡ፤ አንዱ ቃሉን ይዞ ካልለቀቀ ሌላው ሁሉ ዝም ይላል። በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ሰብሳቢውን ሾመ፤ ተራን በጊዜ ቆርጦ የሚነጥቅ ሥርዓት አመጣ። በ1996 ደግሞ በአራተኛው ዕትም ታስክ ማኔጀር ታከለ።

እንግዲህ ዛሬ አንድ መስኮት ቢቆም ማሽኑ ሁሉ ቆመ ማለት አይደለም። የካፕስ ሎክ ቁልፍ ሲጫኑት መብራቱ ከበራና ከጠፋ፣ ሰብሳቢው በሕይወት ስለመኖሩ ጥሩ ምልክት ነው፤ ጥቂት ጠብቆ ሦስቱን ቁልፎች መጫን፣ ከታስክ ማኔጀርም እምቢተኛውን ፕሮግራም ብቻ መዝጋት ይቻላል። (ይህን በትዕግሥት የሚሞክር ባለሙያ ብዙ አላየሁም።) መብራቱ ካልመለሰና ዲስኩም ሥራ ላይ ካልሆነ፣ የመጨረሻው መንገድ ማብሪያውን አራት ሰከንድ ያህል ወይም ጥቂት ጨምሮ ተጭኖ መያዝ ነው።

ሶኬት መንቀልን የምነቅፍበት ምክንያት አለኝ። ከኤንቲ ጋር የመጣው የፋይል ሥርዓት የዲስኩን መዋቅር ከድንገተኛ መቋረጥ ይጠብቃል፤ ሴቭ ያልተደረገውን ጽሑፍ ግን አይመልስም። ከቀበሌው በእግሩ መጥቶ ስለ መሬት ይዞታው ደብዳቤ የሚጠብቅ ገበሬ የሚያጣው ያንኑ ያልተቀመጠ ገጽ ነው።