በልጅነት የተስተካከለ ጥርስ በአዋቂነት ሲንቀሳቀስ፦ ምክንያቱ፣ ሕክምናው እና የሸሪዓው እይታ



በ14 ወይም በ15 ዓመታቸው ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) አስረው ጥርሳቸውን ያስተካከሉ ብዙ ወንድሞችና እህቶች፣ ዕድሜያቸው ወደ 30ዎቹ ሲገባ መስታወት ፊት ቆመው አንድ ነገር ያስተውላሉ። የታችኛው የፊት ጥርስ አንዱ በሌላው ላይ መደረብ ጀምሯል፤ ወይም ተዘግቶ የነበረው ክፍተት እንደገና ተከፍቷል። ያኔ ሁለት ጥያቄዎች ይመጣሉ። አንደኛው «ያ ሁሉ ገንዘብና ድካም ከንቱ ቀረ ማለት ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «አሁን ድጋሚ ባሠራው የአላህን ፍጥረት መቀየር ይሆንብኝ ይሆን?» የሚለው ነው።

ሁለቱንም እንመለከታለን። ከሁለቱም መቅደም ያለበት ግን «ጥርሴ ለምን ተንቀሳቀሰ?» የሚለው ጥያቄ ነው። መልሱ አንዳንዴ የመልክ ጉዳይ ሳይሆን ጥርሱን ራሱን የማትረፍ ጉዳይ ነውና።

ጥርስ ለምን ወደ ቦታው ይመለሳል?

ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንደ ሚስማር የተመታ አይደለም። ሥሩን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ክሮች ናቸው። ሐኪሙ በሽቦ ቀስ እያለ ሲገፋው፣ በሚሄድበት በኩል ያለው አጥንት እየሟሟ፣ ከኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት እየተሠራ በወር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሽቦው በሚፈታበት ጊዜ አዲሱ አጥንት ገና አልጠነከረም። በድድ ውስጥ ያሉት ክሮችም እንደተለጠጠ ላስቲክ ጥርሱን ወደ ቀድሞው ቦታ ይስባሉ፤ እስኪረጋጉ አንድ ዓመት ገደማ ሊወስድባቸው ይችላል። ማቆያ (ሪቴይነር) የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው። የታችኛው የፊት ጥርሶች ብሬስ አስረው በማያውቁ ሰዎችም ላይ ከዓመት ዓመት እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሮበርት ሊትልና ባልደረቦቻቸው፣ ማቆያ ካቆሙ ቢያንስ 10 ዓመት የሆናቸውን 65 ታካሚዎች መርምረው ነበር። ከሦስቱ የሁለቱ ያህል የታችኛው የፊት ጥርስ አቀማመጥ አጥጋቢ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ ጥርሱ የተመለሰበት ሰው ብቻውን ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ሊያፍር አይገባም።

ብዙዎች ዘግይቶ የሚወጣውን የመጨረሻውን መንጋጋ ጥርስ «ሌሎቹን ገፋቸው» እያሉ ይወቅሳሉ። ጥናቶች ይህን አያረጋግጡም። የፊት ጥርስ እንዳይጣመም ብቻ ተብሎ ጤነኛ መንጋጋ ማስነቀል አይመከርም።

ቸል የማይባለው ምልክት

በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚመጣ መጠጋጋት አብዛኛውን ጊዜ አደጋ የለውም። ጥርሱ በወራት ውስጥ ወደ ፊት ከወጣ፣ ከተራራቀ፣ ሲነኩት ከተነቃነቀ፣ ወይም ድድ ከደማና ከሸሸ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ የድድ በሽታ ጥርሱን የያዘውን አጥንት እየበላ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። የስኳር ሕመም ያለባቸው እና ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች የበለጠ ተጋላጭ ናቸው።

እንዲህ ያለ ጥርስ በቀጥታ ሽቦ አይታሰርበትም። በታመመ ድድ ውስጥ ጥርስን መግፋት የቀረውን አጥንት ያፋጥነዋል እንጂ አያድነውም፤ መጨረሻውም ጥርሱን ማጣት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የጥርስ ድንጋዩ ተጠርጎ ድዱ መዳን አለበት። ስለዚህ ራጅ ሳያነሳ፣ የድዱንም ጥልቀት ሳይለካ «ነገ እናስርልህ» የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ሐኪም አማክሩ።

የሕክምና አማራጮች

ድዱ ጤነኛ ከሆነ አዋቂነት እንቅፋት አይሆንም። በ40ም በ50ም ዓመት ጥርስ ይንቀሳቀሳል። ሕክምናው በርቀቱ መጠን ይለያያል።

1. የቀድሞው ማቆያ አሁንም የሚገባ ከሆነ፦ ትንሽ አጥብቆ የሚይዝ ቢሆንም እስከ ታች ከገባ፣ ሐኪም አይቶት ተጨማሪ ሰዓት እንዲደረግ ሊያዝዝ ይችላል። የማይገባውን በጉልበት መጫን ግን ጥርስንም ማቆያውንም ይጎዳል።

2. ግልጽ ማስተካከያ (አላይነር)፦ በየ1 ወይም በየ2 ሳምንቱ የሚቀየሩ የፕላስቲክ ሽፋኖች ናቸው። በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት መደረግ አለባቸው። ለትንሽ መንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ ጥቂት ወራት ይበቃሉ።

3. ብሬስ፦ ጥርሱ ከዞረ ወይም አነካከሱ ከተበላሸ ሽቦው የተሻለ ይቆጣጠረዋል። አንዳንዴ የፊት ጥርሶችን ብቻ ማሰር ይበቃል።

ቦታ ከጠበበ ሐኪሙ በጥርሶች መካከል ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ሽፋን ሊሞርድ ይችላል።

ጎማ በጥርስ ላይ አጥልቆ ክፍተትን ለመዝጋት መሞከር ግን ከባድ አደጋ አለው። ጎማው ከድድ ሥር ሾልኮ ወደ ሥሩ ይወርድና አጥንቱን ያጠፋል፤ በዚህ የተነሳ ጤነኛ ጥርስ ያጡ ሰዎች አሉ። በውጭ ሀገር ያላችሁ ደግሞ ሐኪም ሳያያችሁ በፖስታ ብቻ ከሚላክ ማስተካከያ ተጠንቀቁ። በዚህ ሥራ የታወቀው ስማይል ዳይሬክት ክለብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ሲዘጋ፣ ብዙ ደንበኞች ሕክምናቸውን ሳይጨርሱ ቀርተዋል።

የሸሪዓው እይታ

ጥያቄው የሚነሳው ከዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ከተዘገበውና ቡኻሪና ሙስሊም ከመዘገቡት ሐዲስ ነው። ሐዲሱ ለውበት ብለው በጥርሳቸው መካከል ክፍተት የሚያሠሩ ሴቶችን ያወግዛል። ኢማም አን-ነወዊይ ይህን ሲያብራሩ ክልክሉ ለውበት ሲባል የሚደረገው መሆኑን፣ ለሕክምና ወይም በጥርስ ላይ ላለ ጉድለት ከሆነ ግን ችግር እንደሌለው ገልጸዋል። ሸይኽ ኢብኑ ዑሰይሚንም ጉድለትን በማስወገድና ውበትን በመጨመር መካከል ለይተዋል።

በእኛ ሀገር ፍንጭት እንደ ውበት ስለሚታይ ይህ ሐዲስ በቀጥታ ይመለከተናል። ጤነኛ ጥርስን አስሞርዶ ፍንጭት ማሠራት የተከለከለው ተግባር ራሱ ነው። በሌላ በኩል የተደራረበ፣ ለማጽዳት ያስቸገረ፣ አነካከስን ያበላሸ ወይም በግልጽ የሚታይ ጉድለት የሆነን ጥርስ ወደ ቦታው መመለስ ሕክምና ነው። ከራሱ ከባለቤቱ በቀር ማንም የማያስተውለውን ጥቂት ለውጥ በተመለከተ ግን ከመወሰናችሁ በፊት የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ።

ውዱእ፣ ትጥበት እና ጾም

በውዱእ ጊዜ መጉመጥመጥ በሻፊዒይና በሐነፊይ መዝሀብ ሱንና ነው። በጀናባ ትጥበት ግን ሐነፊዮች ግዴታ ያደርጉታል፤ በሐንበሊይ መዝሀብ ደግሞ በሁለቱም ግዴታ ነው። ስለዚህ የሚወልቅ ማቆያ ያለው ሰው በትጥበት ጊዜ አውልቆ ቢጉመጠመጥ ከጥርጣሬ ይድናል። ከጥርስ ጀርባ የተለጠፈው ሽቦ የሚነሳው በሐኪም ብቻ ስለሆነ ሊነቀል አይጠበቅበትም፤ ውሃውን አፍ ውስጥ በደንብ ማንቀሳቀስ ይበቃል።

በረመዷን ንጹሕ ማቆያ ወይም አላይነር አፍ ውስጥ መኖሩ ጾም አያበላሽም። እንዲያውም ቀን ላይ ስለማይበላ አላይነሩን ሰዓቱን ሞልቶ ማድረግ ይቀላል። ከሱሑር በኋላ ጥርስንም ማቆያውንም ማጽዳት የምግብ ቅሪት እንዳይዋጥ ይረዳል። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ውሳኔ ጥርስ መቦርቦር፣ መንቀልና ማጽዳት፣ ወደ ጉሮሮ የሚሄደው እስካልተዋጠ ድረስ ጾምን እንደማያስፈታ ገልጿል። ከቻላችሁ ግን ቀጠሮውን ከኢፍጣር በኋላ ብታደርጉት ይመረጣል።

ሲዋክ ወይም የወይራ መፋቂያ ማቆያ ላለውም ሰው ሱንናነቱ አይቀርም። ጫፉን በደንብ አለስልሱት፤ የተለጠፈው ሽቦ እንዳይላቀቅም በኃይል አትግፉት። በሽቦው ሥር መፋቂያው ስለማይደርስ ትንሿን የጥርስ መሐል ብሩሽ ጨምሩበት።

ሁለተኛ ጊዜ እንዳይመለስ

ድጋሚ ተስተካክሎ ማቆያ የማይደረግ ከሆነ ገንዘቡም ድካሙም ለሁለተኛ ጊዜ ይባክናል። የሚወልቀውን ማቆያ ሐኪሙ በወሰነው ጊዜ ሙሉ ቀን፣ ከዚያ ሌሊት ሌሊት፣ ጥርሱ በቦታው እንዲቆይ እስከተፈለገ ድረስ ማድረግ ያስፈልጋል። ግልጹን ማቆያ በፈላ ውሃ አትጠቡት፤ ቅርጹን ያጣል። የተለጠፈ ሽቦ ያላችሁ ቢያንስ በዓመት አንዴ አስመርምሩ። በአንድ በኩል ተላቆ ሳይታወቅ የቀረ ሽቦ ጥርሱን ራሱ ሊያጣምም ይችላል። ሐኪማችሁ ከሩቅ ከተማ ወይም ከሌላ ሀገር ከሆነ፣ የመጨረሻውን የጥርስ ቅርጽና የራጅ ቅጂ ከመለየታችሁ በፊት ተቀበሉ።

ጥርሳችንም እንደ ሌላው አካላችን ከአላህ የተሰጠን አማና ነው። ድጋሚ ስለማሳሰር ከማሰባችሁ በፊት የተንቀሳቀሰበትን ምክንያት አስመርምሩ፤ ድዳችሁ የሚደማ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮውን ለነገ አትበሉ። ወላሁ አዕለም።