ክፍት የምድር ምልከታ መረጃ ለጀልዴሳና ለድሬዳዋ ነዋሪ ምን ይጠቅማል?

ከድሬዳዋ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ጀልዴሳ፣ የምድር ባቡር ወደ ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት፣ ከሐረር ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርዱና ከዚያ የሚመለሱ የሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባት ስመ ጥር ጣቢያ ነበረች። በዚያ ዘመን መንገደኛ የቀጣዩን ጉዞ ሁኔታ የሚያውቀው ከፊት ለፊቱ የመጣውን ሰው ጠይቆ ነው፤ ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ ሣር የት እንዳለ፣ የትኛው ወንዝ እንደ ሞላ። ዛሬም የአካባቢው አርሶ አደርና ከፊል አርብቶ አደር የሚያነሣው ጥያቄ ያው ነው። የተለወጠው ነገር፣ ለጥያቄው መልስ የሚሆን መረጃ ከሰማይ እየተሰበሰበ ያለ ክፍያ ለማንም ሰው የሚቀርብ መሆኑ ነው። መረጃው የሚናገረውንና የማይናገረውን ለይቶ ማወቅ ግን የተጠቃሚው ድርሻ ነው።

ክፍት መረጃ ምን ማለት ነው?

ክፍት ሳይንሳዊ የመረጃ ስብስብ ማለት በመሣሪያ ተለክቶ፣ በሥርዓት ተደራጅቶ፣ ማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ እንዲያወርደው፣ እንዲመረምረውና ለሥራው እንዲያውለው የተፈቀደ የልኬት መዝገብ ነው። አሠራሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የመጀመሪያው የአሜሪካ ላንድሳት ሳተላይት ወደ ጠፈር የመጠቀው በሐምሌ 1964 ዓ.ም. ቢሆንም፣ ለብዙ ዓመታት አንድን ምስል ለማግኘት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር መክፈል ያስፈልግ ነበር። መዝገቡ ለዓለም ሕዝብ በነፃ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። የአውሮፓ ኅብረት የኮፐርኒከስ መርሐ ግብርም የሴንቲነል ሳተላይቶቹን መረጃ በነፃ ያቀርባል። ከእነዚህ መካከል ሴንቲነል 2 በሰኔ 2007 ዓ.ም. ሥራውን ለመጀመር መጥቋል።

ኢትዮጵያም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ 1 የተሰኘችውን የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ከቻይና ምድር አምጥቃለች።

ዝናብን ከሰማይ መለካት

በድሬዳዋ ዙሪያ ዝናብ በሁለት ወቅት ይጥላል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የበልጉ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም የክረምቱ። ማሽላ የሚዘራ ገበሬ የሚያስጨንቀው የዓመቱ ድምር ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ለምን ያህል ጊዜ ሊቋረጥ እንደሚችል ጭምር ነው።

ለዚህ ጥያቄ የሚያገለግለው አንዱ መዝገብ ቺርፕስ ይባላል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ባርባራና በአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም የተዘጋጀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውን የዝናብ መጠን ይዟል። ሳተላይቱ የዝናብ ጠብታን አይቆጥርም። የደመናውን አናት ሙቀት ይለካል፤ አናቱ በጣም የቀዘቀዘ ደመና ረጅምና ዝናብ አዘል ነው ተብሎ ይገመታል። ግምቱ በምድር ላይ ካሉ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች ውጤት ጋር ተጣምሮ ይታረማል።

መዝገቡ ምድርን በጎንና በጎን 5 ኪሎ ሜትር ያህል በሆኑ ካሬዎች ይከፍላል። አንዱ ካሬ 25 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሸፍን፣ ዝናብ በአንዱ ማሳ ላይ ጥሎ ጎረቤቱን ሲያልፈው መዝገቡ ልዩነቱን አያሳይም፤ ለሁለቱም አንድ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ ቺርፕስ የሚጠቅመው ያለፉትን 40 ዓመታት እርስ በርስ ለማነጻጸር እንጂ የአንድን ማሳ እርጥበት ለመወሰን አይደለም።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትም ከአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ጋር በመተባበር፣ ኢናክትስ በተባለው ዘዴ የራሱን ጣቢያዎች ልኬት ከሳተላይት ግምት ጋር አዋሕዶ ካርታዎችን ያቀርባል። የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች በብዛት የተካተቱበት በመሆኑ፣ ከዓለም አቀፍ መዝገቦች ጋር ጎን ለጎን ሊታይ የሚገባው ነው።

አረንጓዴ ሁሉ ግጦሽ አይደለም

ጤናማ ቅጠል ቀይ ብርሃንን ይውጣል፤ ዓይን የማያየውን ለቀይ ቅርብ የሆነውን ጨረር ግን መልሶ ያንጸባርቃል። ሳተላይት የሁለቱን ልዩነት በመለካት የአንድን አካባቢ አረንጓዴነት በቁጥር ይገልጻል።

የቁጥሩ ጥራት በምስሉ ነጥብ ስፋት ይወሰናል። የሴንቲነል 2 አንድ ነጥብ በጎን 10 ሜትር ስለሆነ፣ በሩብ ሄክታር ማሳ ላይ 25 ነጥቦች ያርፋሉ። የላንድሳት ነጥብ 30 ሜትር በመሆኑ በዚያው ማሳ ላይ ሦስት እንኳ አይሞሉም። ሴንቲነል 2 አንዱን ቦታ በየ5 ቀኑ ያህል ይጎበኛል፤ በክረምት ግን ደመና ይጋርደዋል። በራዳር የሚሠራው ሴንቲነል 1 ደመናንና ጨለማን አልፎ ያያል።

የአረንጓዴነት ቁጥር ለአርብቶ አደሩ የገንዘብ ጉዳይም ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በቦረና፣ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በሶማሌ ክልል፣ የግጦሽ መሬት አረንጓዴነት ከተወሰነ መጠን ሲያንስ ለአርብቶ አደሮች ካሣ የሚከፈልባቸው የእንስሳት መድን መርሐ ግብሮች ተግባራዊ ተደርገዋል። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ በበጋም አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ፓርቲኒየም አረምም እንዲሁ የግጦሽ ሣርን ተክቶ ይለመልማል። ከሰማይ ሲታይ ለምለም የሆነ መሬት ለላም የሚሆን አንድ ጭብጥ ሣር ላይኖረው ይችላል። ይህን ለይቶ መናገር የሚችለው ከመንጋው ጋር የሚውል ሰው ነው።

አንበጣን ቀድሞ ማወቅ

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የበረረ የመንገደኞች አውሮፕላን በአንበጣ መንጋ ምክንያት ማረፍ ተስኖት ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ተገድዷል። ያ ወረርሽኝ ለኢትዮጵያ በ25 ዓመታት ውስጥ የከፋው ነበር። በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ስሌት፣ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ 35 ሺህ ሰዎች በቀን የሚመገቡትን ያህል ያወድማል።

የወረርሽኙ መነሻ የሩቅ ዝናብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ዐውሎ ነፋሶች በአረብ ምድር ባዶ በረሃ ላይ ያልተለመደ ዝናብ አወረዱ፤ አንበጣውም በዚያ ተራባ። የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው እርጥበት ባለው አሸዋማ አፈር ውስጥ ነው። እንቁላሉ በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል፤ ከእንቁላል የወጣው ኩብኩባ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ድረስም የተወሰኑ ሳምንታት ይቀራሉ። እነዚህ ሳምንታት መከላከል የሚቻልባቸው ናቸው። በበረሃ የጣለን ዝናብና ድንገት የለመለመን መሬት የሚያሳዩ የሳተላይት መዝገቦች፣ አሳሾች ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ይጠቁማሉ። የምግብና እርሻ ድርጅቱም በመስክ የተመዘገቡ የአንበጣ ምልከታዎችን በክፍት ካርታ ያወጣል። የካርታው ምንጭ ግን የመስክ ሰው ነው፤ ኩብኩባ አይቶ ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ በጊዜ የሚያመለክት ገበሬ የዚህ መዝገብ አካል ይሆናል።

ጎርፉ የሚሄድበትን ማወቅ

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን ባጥለቀለቀ ጊዜ ከ250 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ውኃው የመጣው ከከተማዋ በስተ ደቡብ ካሉት ከፍተኛ ቦታዎች ሲሆን፣ ብዙዎቹን ያገኘው በእንቅልፍ ላይ ነው።

እንዲህ ያለውን ደራሽ ጎርፍ ክፍት የሳተላይት መረጃ በሰዓቱ ሊያስጠነቅቅ አይችልም። በየግማሽ ሰዓቱ ዝናብን የሚገምተው ኢመርግ የተባለው የናሳ መዝገብ እንኳ ለተጠቃሚ የሚደርሰው ከ4 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፤ በአጭር ሸለቆ የሚወርድ ጎርፍ ይህን ያህል አይጠብቅም። ለዚያ ሌሊት የሚያስፈልገው በላይኛው ተፋሰስ ላይ የቆመ የዝናብና የወንዝ መለኪያ፣ ስልክና ሳይሬን ነው።

ክፍት መረጃ የሚናገረው ጎርፍ የሚሄድበትን መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አንዲት የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር የምድርን ከፍታ በራዳር ለክታለች፤ የ30 ሜትር ጥራት ያለው ውጤቱ በነፃ ይገኛል። በዚህ መዝገብ ላይ ውኃ ከየትኛው ጋራ ተነሥቶ በየትኛው ሸለቆ እንደሚወርድ በኮምፒዩተር ማስላት ይቻላል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ክፍት የአፍሪካ ሕንፃዎች መዝገብ በላዩ ሲደረብ ደግሞ፣ በውኃው መንገድ ላይ ወይም አጠገብ የተሠሩ ቤቶች የት እንዳሉ ይታያል። ይህ ለጀልዴሳ ዙሪያ የገጠር ቀበሌዎችም ለከተማዋ ሰፈሮችም እኩል ይሠራል። የ30 ሜትር መዝገብ ጠባብ ቦይንና ከ2000 በኋላ የተገነባን የመከላከያ ግንብ ስለማያሳይ ውጤቱ በቦታው ተገኝቶ መረጋገጥ አለበት። ይሁንና አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ቦታ የሚመራ ጽሕፈት ቤት ወይም ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ማኅበረሰብ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባ ካርታ ነው።

መረጃውን እንዴት ማግኘት ይቻላል?

የሴንቲነል ምስሎችን በኮፐርኒከስ የምስል መመልከቻ፣ የላንድሳትን ደግሞ በአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም የኧርዝ ኤክስፕሎረር ገጽ በነፃ ማየት ይቻላል። ለማውረድ የኢሜይል አድራሻ አስመዝግቦ መለያ መክፈት ያስፈልጋል። ምስል ማየት በስልክም ይሆናል፤ ስሌት መሥራት ግን ኮምፒዩተርና ሥልጠና ይጠይቃል። ስለዚህ አርሶ አደሩና የከተማው ነዋሪ ራሳቸው ማውረድ ባይችሉም፣ መረጃው እንዳለ አውቀው ከቀበሌ የልማት ሠራተኛ፣ ከግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ከዩኒቨርሲቲ ባለሙያ መጠየቅ ይችላሉ።

ነፃ መሆኑ ግን ዘላቂነቱን አያረጋግጥም። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ በአሜሪካ መንግሥት የተቋቋመው ፊውስኔት የተባለው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት፣ በጥር 2017 ዓ.ም. የገንዘብ ድጋፉ በመቋረጡ ከአገልግሎት ወጥቶ ነበር፤ የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። በሌላ ሀገር በጀት የሚንቀሳቀስ መዝገብ በሌላ ሀገር ውሳኔ ሊዘጋ ይችላል።

በቀበሌ የሚተከል አንድ የዝናብ መለኪያና ልኬቱን በየማለዳው በታማኝነት የሚመዘግብ ሰው አስፈላጊ የሚሆኑትም ለዚህ ነው። የሳተላይት ግምት የሚታረመው በምድር ልኬት ነው፤ መለኪያ በሌለበት አካባቢ ካርታው ሳይታረም የሚቀር ግምት ነው። የጀልዴሳ የዝናብ መዝገብ ትክክለኛነት የሚጀምረውም ከጀልዴሳ ነው።