የአሮጌው ላንድክሩዘር አክስልና መሪ፡ በአነስተኛ ወጪ ምን ሊሻሻል ይችላል?

ለመስክ ሥራ ከአዲስ አበባ ከሚወጡ የመንግሥት መስሪያ ቤቶች ተሽከርካሪዎች መካከል በብዛት ከሚታዩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ የቀረበው ቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 እና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተደረገው የውጭ ምንዛሪ ሥርዓት ለውጥ የተሽከርካሪና የመለዋወጫ ዋጋን በእጅጉ አንረውታል። በዚህም ምክንያት አሮጌውን መኪና አጠናክሮ ማቆየት ለብዙ መስሪያ ቤቶች ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ሆኗል።

ከመገናኛ እስከ ገርጂ፣ ከጉርድ ሾላ እስከ ሲ ኤም ሲ ባሉ ጋራዦች ደጃፍ እነዚህ መኪኖች ከፊት እግራቸው ተፈትተው፣ በድንጋይና በክሪክ ተደግፈው ማየት የተለመደ ነው። ባለጉዳዩ መስሪያ ቤት ብዙውን ጊዜ የሚያነሳው ጥያቄ "አክስሉ ይጠንክር፣ ከፍ ይበል፣ ሰፊ ጎማ ይግባለት" የሚል ነው። ይሁንና በአነስተኛ በጀት ከፍተኛውን ውጤት የሚያስገኘው አዲስ ነገር መጨመር ሳይሆን ፋብሪካው የሠራውን ወደ ቦታው መመለስ ነው።

የዚህ ምክንያት ከተሽከርካሪው አሠራር ይመነጫል። የላንድክሩዘር 70 የፊት አክስል ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ አንድ ወጥ ብረት ነው። በሁለቱ ጫፎቹ ክብ ቤት አለ። ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞረው በዚህ ቤት ላይና ታች በተቀመጡ ሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ሲሆን፣ ከሞተሩ የሚመጣው ኃይል በቤቱ ውስጥ በሚገኘው መጋጠሚያ በኩል ወደ ጎማው ይተላለፋል። አክስሉ ራሱ እምብዛም አይሰበርም፤ የሚያልቁት ኩሽኔታዎቹና የዘይት መከላከያ ጎማዎቹ ናቸው። የውስጠኛው መከላከያ ሲያረጅ የዲፈረንሺያል ዘይት ወደ ክቡ ቤት ገብቶ ግሪሱን ያቀጥነዋል። ከዚያም ወደ ውጭ እየፈሰሰ የጎማውን የውስጥ ገጽ ያጠቁራል። አሽከርካሪው ጎማው ከውስጥ በኩል በዘይት መራሱን ካስተዋለ የጥገና ጥያቄ ማቅረቢያው ጊዜ ያኔ ነው፤ ፍሬኑ እስኪነካ መጠበቅ አይገባም።

ሁለተኛው ምልክት የመሪ መንቀጥቀጥ ነው። ይህ ዘጋቢ ከዓመታት በፊት በአንድ መስሪያ ቤት ፒክአፕ ለሥራ ወደ ሰሜን ሸዋ ሲጓዝ፣ በኮረብታማው የጠጠር መንገድ ሰላማዊ የነበረው መኪና አስፋልት ላይ ወጥቶ ፍጥነት ሲጨምር መሪው ከአሽከርካሪው እጅ ሊወጣ እስኪደርስ ተንቀጥቅጦ ነበር። መኪናው ከጋራዥ ከወጣ አንድ ወር አልሞላውም። የተለወጠለት ግን የመሪው ሾክ አብዞርበር ብቻ ነበር። አዲስ ሾክ አብዞርበር መንቀጥቀጡን ለጥቂት ሳምንታት ይሸፍነዋል እንጂ መነሻውን አያስወግድም። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የላላ ኩሽኔታ፣ ያለቀ የቲራንቴ ጫፍ ወይም ሚዛኑን ያልጠበቀ ጎማ ነው።

ስለሆነም ገንዘቡ ሊወጣ የሚገባበት ቅደም ተከተል አለ። በመጀመሪያ የፊት እግር በክሪክ ተነስቶ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይወዘወዛል። ልቅነት ካለ ክቡ ቤት ይፈታል፤ ኩሽኔታዎቹና መከላከያዎቹ በሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ። ለአንድ ወገን ብቻ መለወጥ የእጅ ዋጋን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ኩሽኔታዎቹ ሲገጠሙ የጥብቀታቸው መጠን በሚጎተት ሚዛን ይለካል፤ በግምት ያጠበቀ ባለሙያ ያንኑ ሥራ መልሶ ይሠራዋል። ቀጥሎ የቲራንቴ ጫፎች፣ በመጨረሻም የጎማ አሰላለፍ፣ በጋራዥ አነጋገር አላይመንት፣ ይከናወናል። አላይመንት ያለቁ ክፍሎች ሳይለወጡ ከተሠራ የባከነ ወጪ ነው።

በድንጋያማ መንገድ ለሚሠራ መኪና በእርግጥ ማሻሻያ ሊባል የሚችለው ቲራንቴውን በወፍራም ብረት መተካት ነው፤ ቀጭኑ ቲራንቴ በድንጋይ ሲመታ ይጎብጣልና። ሆኖም የጎበጠን ቲራንቴ በእሳት አቃንቶ ወይም በየጁ መልሶ መግጠም ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም። በብየዳ የተያዘ የመሪ ክፍል ሲበጠስ ቀድሞ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ በአንድ ፒክአፕ ላይ ደግሞ አምስትና ስድስት ሠራተኞች ይጓዛሉ።

መኪናውን ከፍ ማድረግ የራሱ መዘዝ አለው። ከፍታው ሲጨምር የፊት አክስሉ ዝንባሌ ስለሚለወጥ መሪው በራሱ ወደ መሀል የመመለስ ባሕርይው ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ከፊት በሞላ የተሠሩት ሞዴሎች ዝንባሌውን የሚያርም ልዩ ቡሽ፣ ቀደም ሲል በባሌስትራ የተሠሩት ደግሞ ሽብልቅ ብረት ያስፈልጋቸዋል። ከቸርኬ ጀርባ ውፍረት ጨምሮ ጎማን ወደ ውጭ ማስወጣትም በኩሽኔታዎቹ ላይ ያለውን ጫና ያከብዳል። ለመስሪያ ቤት ሥራ መደበኛው 7.50 በ16 ጎማ በቂ ነው ለማለት ያስደፍራል። ከኋላ ባሌስትራ መደራረብም ጭነቱን አያቀልም፤ ጫናውን ወደ አክስሉና ወደ ሻንሲው ያሻግረዋል እንጂ።

የስምሪት ክፍሎች ያለ አንዳች ወጪ ሊያስፈጽሙት የሚችሉት አንድ ነገርም አለ። የዚህ መኪና አራቱም ጎማ የሚጎትትበት ማርሽ ለጭቃና ለልቅ መሬት የተሠራ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ሲያዝ የፊትና የኋላ አክስሎች እርስ በርስ ይጣመማሉ፤ መጋጠሚያዎችም ያለ ዕድሜያቸው ያልቃሉ። ከለገጣፎ በኋላ ጭቃ ይኖራል በሚል ከአያት ጀምሮ ይህን ማርሽ አስገብተው የሚነዱ አሽከርካሪዎች አሉ።

በግዥ ረገድ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ አሸናፊ በሚሆንበት ጨረታ አስመስለው የተሠሩ ኩሽኔታዎች ወደ ግምጃ ቤት የሚገቡበት ዕድል ሰፊ ነው። ስለዚህ በጨረታ ሰነዱ የዕቃው መለያ ቁጥር፣ ተቀባይነት ያላቸው አምራቾች፣ ለምሳሌ ኮዮ ወይም ኤን ኤስ ኬ ወይም በጥራት የሚስተካከላቸው፣ እና የዋስትና ጊዜ በግልጽ ቢሰፍሩ ይመረጣል። በአክስል ወይም በሻንሲ ላይ ለውጥ የሚያደርግ ሥራ ከመጀመሩ በፊትም መኪናውን የመዘገበው አካል ቢጠየቅ የዓመታዊ ምርመራና የቦሎ ጊዜ ሲደርስ ከሚፈጠር ውዝግብ ያድናል።

መኪናው ከጋራዥ ሲመለስ የተፈቱት አሮጌ ክፍሎች አብረው ይመጣሉ። የንብረት ክፍሉ ቆጥሮ በሞዴል 19 ገቢ ያደርጋቸዋል፤ ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላም ቡሎንና ዳዶዎቹ ዳግም እንዲፈተሹ መኪናው ወደ ጋራዡ ይላካል።