ርስት ያላት፣ ሞፈር የሌላት

በጎጃምና በበጌምድር ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። ሴት ልጅ ከወንድሞቿ እኩል ትካፈላለች፤ ርስት የሚሟገት ገበሬም የሴት አያቱን ወገን ቆጥሮ መብቱን ማስረዳቱ የተለመደ ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን፣ እነ እቴጌ ምንትዋብ በገነኑበት የጎንደር ዘመን፣ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ላይ የሰፈሩ የመሬት ሽያጭ ውሎች ሴቶችን በሻጭነትም በገዢነትም ይጠቅሳሉ። ባል ያላት እንግሊዛዊት በራሷ ስም ንብረት የመያዝ ሙሉ መብት ለማግኘት እስከ 1882 እ.ኤ.አ. መጠበቅ ነበረባት።

በዚህ ለመኩራት ግን አንቸኩል። ርስቱን የሚያርሰው ማን ነው? ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ አውድማ ትለቀልቃለች፤ በሬ ጠምዶ እርፍ መጨበጥ ግን የወንድ ሥራ ነው። ስትዳር ወደ ባሏ አገር ትሄዳለች፤ ድርሻዋን ወንድሟ ያርሰዋል። መጀመሪያ ላይ በዓል ሲደርስ እህል ይላክላታል። ዓመታት ሲያልፉ ጎረቤቱ ሁሉ «የእሱ ማሳ» ማለት ይጀምራል፤ ልጆቿ አድገው ካልተሟገቱ በቀር ነገሩ በዚያው ይቀራል። በሰማንያ የተጋባች ሴት በፍቺ ጊዜ ያመጣችውን ይዛ፣ አብረው ያፈሩትን ተካፍላ ትወጣ ነበር። ከድርሻዋ በሬ ቢገኝም እንኳ የሚጠምድላት ወንድ መፈለጓ አይቀርም።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። የገጠር መሬት አዋጁ በግሉ ለማረስ ለሚፈቅድ ሁሉ ፆታ ሳይለይ እስከ 10 ሄክታር እንዲሰጥ ደነገገ። ቅጥር ሠራተኛ ማሳረስን ሲከለክል፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ግን ከክልከላው ነፃ አደረጋት። አርቃቂዎቹ ሞፈሩ በማን እጅ እንዳለ ያውቁ ነበር ማለት ነው። መሬቱን ያደላደሉት ግን የገበሬ ማኅበራት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የሚመዘግቡት አባወራውን ነው። ሚስት ከልጆቿ ጋር በቤተሰብ ብዛት ተቆጠረች። ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ ያደረገው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአብዮቱ ዘመን ሁሉ ሳይነካ ዘለቀ።

ለእኔ የታሪኩ እንቆቅልሽ እዚህ ላይ ነው። «መሬት ላራሹ» ያለው ትውልድ የጭሰኛውን ቀንበር መስበሩ አይካድም። ርስት ሲሻር ግን ሴት ልጅ በትውልዷ ብቻ «ይገባኛል» የምትልበት መንገድም አብሮ ተዘጋ። አራሹ ማን እንደሆነ አገር ያውቃል፤ ከእንግዲህ ሚስት ወደ መሬት የምትደርሰው በባሏ በኩል ሆነ።

ሕጉ የተቃናው ዘግይቶ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በመሬት አጠቃቀም፣ ማስተላለፍና ውርስ የሴቶችን እኩልነት አወጀ፤ በ1992 የቤተሰብ ሕጉ ተሻሻለ። በትግራይ ቀድሞ የተጀመረው ምዝገባ ደብተሩን የሰጠው በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነበር። አማራ ክልል ከዚያ በኋላ ባደለው አረንጓዴ ደብተር ላይ ግን የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ተጻፈ፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጠፈ። ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም፤ ባል ብቻውን መሬቱን ለሌላ ላስተላልፍ ቢል የሚስት ፎቶግራፍ ይመሰክርበታል፣ በፍቺም ጊዜ ሽማግሌ ከመለመን ያድናታል።

እርሻው ላይ ግን ደብተር በሬ አይጠምድም። ባል የሞተባት ወይም የፈታች ሴት ጎልማሳ ልጅ ከሌላት ዛሬም መሬቷን የእኩል ትሰጣለች። ባለ በሬው የራሱን ማሳ አርሶ ሲጨርስ ወደ እሷ ይመጣል፤ ዝናቡ ካለፈ የዘገየ ዘር ፍሬው ያንሳል፣ ከዚያችው ላይ ግማሹ የአራሹ ነው።