በግዞት ሠፈር የተሠራ የቤዝቦል ሜዳ

የአንድን ማኅበር ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ማኅበሩ የሚሠራበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን የሚጫወትበትንም ቦታ ቢመለከት ብዙ ነገር ይማራል። ሜዳ ሲባል ለብዙዎቻችን ባዶ መሬት ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ድንጋዩን የለቀመ፣ ጉብታውን የደለደለና መስመሩን ያሠመረ ሰው ከሌለ ሜዳ የሚባል ነገር የለም። ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ስለ አንድ ሩቅ አገር የኳስ ሜዳና ሜዳውን ስለ ሠሩት ሰዎች ለአንባብያን ለማቅረብ ያሰብሁት ስለዚህ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሜዳው ጨዋታ ቤዝቦል ይባላል። በአገራችን እምብዛም ስላልተለመደ ስለ አጨዋወቱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሁለት ቡድኖች እያንዳንዳቸው 9 ተጫዋቾች ይዘው ይገጥማሉ። የአንደኛው ወገን ወርዋሪ ትንሿን ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፤ የሌላው ወገን ተጫዋች ደግሞ በዱላ ይመታታል። መቺው በአራት ማዕዘን የተቀመጡትን አራት ጣቢያዎች በየተራ እየረገጠ ከተነሣበት ቦታ ከተመለሰ ለቡድኑ 1 ነጥብ ያስገኛል። ከመቺዎቹ ወገን 3 ሰዎች ከጨዋታ ሲወጡ የመምታቱ ተራ ወደ ሌላው ቡድን ያልፋል፤ ሁለቱም ተራቸውን ሲጨርሱ አንድ ዙር ተፈጸመ ይባላል። ጨዋታው 9 ዙር ሲሆን በእኩል ነጥብ ካለቀ አሸናፊው እስኪለይ ድረስ ዙር ይጨመራል።

ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ጃፓናውያን ሥራ ፍለጋ ወደ ሃዋይና ወደ ካሊፎርኒያ ተሰደዱ። በሸንኮራ አገዳ፣ በወይንና በአትክልት እርሻ ላይ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ቤዝቦል ከ1870ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በጃፓን ይታወቅ ስለ ነበር፣ ስደተኞቹ በየደረሱበት የገበሬ ከተማ ቡድን አቋቋሙ። በጃፓን የተወለደ ሰው የአሜሪካን ዜግነት እንዳያገኝ እስከ 1952 ድረስ ሕግ ይከለክለው ነበር። በካሊፎርኒያም በ1913 በወጣው ሕግ ምክንያት የእርሻ መሬት በስሙ ለመግዛት አይችልም ነበር። በአሜሪካ የተወለዱት ልጆቹ ግን ዜጎች ነበሩ። እንግዲህ ሳምንቱን ሙሉ በሰው እርሻ ላይ ሲደክም የሰነበተ ቤተ ሰብ እሑድ እሑድ በሜዳ ተሰብስቦ የልጆቹን ጨዋታ ሲመለከት፣ ሜዳው የራሱ መንደር ያህል ነበር።

ከነዚህ ስደተኞች አንዱ ኬኒቺ ዜኒሙራ ነበሩ። በ1900 በሂሮሺማ ከተማ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ሃዋይ ከሄዱ በኋላ፣ በ1920 በካሊፎርኒያ መካከል በምትገኘው የእርሻ ከተማ በፍሬስኖ ተቀመጡ። ቁመታቸው ከ1 ሜትር ከ55 የማይበልጥ፣ ሰውነታቸውም ቀጭን ነበር። ይሁን እንጂ ተጫዋች፣ አሠልጣኝና የጨዋታ አዘጋጅ ሆነው በፍሬስኖ የጃፓናውያንን ቡድን አጠነከሩ፤ ቡድናቸውንም ይዘው ወደ ጃፓን ተጓዙ። በጥቅምት 1927 የዘመኑ ታላላቅ ተጫዋቾች ቤብ ሩትና ሉ ጌሪግ ወደ ፍሬስኖ በመጡ ጊዜ፣ ዜኒሙራ ከነርሱ ጋር ተጫውተዋል። በዚያን ቀን የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ። በግዙፉ ሩት አጠገብ የቆሙት ዜኒሙራ ሕፃን ይመስላሉ፤ ፊታቸው ላይ ግን የማነስ ስሜት አይታይም።

ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 የጃፓን የባሕር ኀይል አውሮፕላኖች ፐርል ሀርበር የተባለውን የአሜሪካን የባሕር ኀይል ሠፈር ደበደቡ። ከዚያ በኋላ በምዕራብ አሜሪካ የሚኖር የጃፓን ተወላጅ ሁሉ በጥርጣሬ ዐይን ይታይ ጀመር። የካቲት 19 ቀን 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቁጥሩ 9066 የሆነውን ትእዛዝ ፈረሙ። በዚህ ትእዛዝ መሠረት 120,000 ያህል ሰዎች፣ ክስ ሳይቀርብባቸውና ዳኛ ፊት ሳይቆሙ፣ ቤታቸውንና ንብረታቸውን ትተው በእጃቸው የሚችሉትን ብቻ ይዘው ወደ ግዞት ተወሰዱ። ከነዚህም ከሦስቱ ሁለቱ እጅ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ጥፋታቸው የአያቶቻቸው አገር ብቻ ነበር።

የዜኒሙራ ቤተ ሰብ በመጀመሪያ በፍሬስኖ በተዘጋጀው ጊዜያዊ ሠፈር ቆየ። በኋላም በ1942 በአሪዞና በረሃ ወደሚገኘው ወደ ጊላ ሪቨር ተላከ። ይህ መሬት የቀድሞዎቹ የአገሩ ተወላጆች ክልል ሲሆን፣ ሠፈሩ የተሠራው እነርሱ እየተቃወሙ ነው። በጊላ ሪቨር ከ13,000 በላይ ሰዎች በሳንቃ ቤቶች ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ የአሸዋው ነፋስ ሲነሣም አቧራው በሳንቃው ቀዳዳ ገብቶ አልጋውንና ምግቡን ይሸፍን ነበር።

ዜኒሙራ እዚህ ከደረሱ ብዙም ሳይቆዩ አካፋ ይዘው ከመኖሪያቸው አጠገብ ያለውን ቁጥቋጦ መመንጠር ጀመሩ። ሁለቱ ልጆቻቸው ኬንሶና ኬንሺ አብረዋቸው ይሠሩ ነበር። ጎረቤቶቻቸውም ነገሩ ምን እንደ ሆነ ሲረዱ አንድ በአንድ ተጨመሩ። ቁጥቋጦው ከተነሣ በኋላ መሬቱ በመኪና ተደለደለ። ከልብስ ማጠቢያው ቤት ውሃ በቧንቧ ተስቦ ሣር ተዘራ። የሜዳውንም ዳርቻ የሚከልል አጥር በገንዘብ የሚገዛ ስላልነበረ፣ በአገራችን ጉሎ የምንለውን ተክል ዙሪያውን ተከሉ፤ ጉሎውም አድጎ አጥር ሆነ። ለተመልካች መቀመጫና ለተጫዋቾች መጠለያ የሚሆን እንጨት ግን ከየት ይምጣ? ልጆቻቸው በኋላ ዘመን እንደ ተናገሩት፣ ከእንጨት ማከማቻው በሌሊት እየወሰዱ፣ ከእሾህ ሽቦው አጥርም ምሰሶ እየነቀሉ ነበር። ሊያግዳቸው የተተከለው ምሰሶ የሜዳቸው መሥሪያ ሆነ ማለት ነው።

ሜዳው በመጋቢት 1943 ተከፈተ። ከትንንሽ ልጆች ጀምሮ እስከ ጎልማሶች ድረስ በሠፈሩ ውስጥ 32 ቡድኖች ተቋቋሙ። ለታላላቅ ግጥሚያዎች እስከ 6,000 የሚደርስ ሕዝብ ይሰበሰብ ነበር። ከተመልካቹ የሚሰጠው መዋጮ ለኳስ፣ ለዱላና ለጓንት መግዣ ይውል ነበር። በ1944 የጊላ ሪቨር ምርጥ ተጫዋቾች በስተ ሰሜን እጅግ ሩቅ በሆነው በዋዮሚንግ ወደሚገኘው ወደ ሃርት ማውንቴን ግዞት ሠፈር ተጉዘው ከዚያ ካሉት ወገኖቻቸው ጋር ተጫወቱ።

አንዳንድ አንባቢ፣ «ነጻነቱን የተቀማ ሰው ስለ ጨዋታ ማሰቡ ከንቱ አይደለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእርግጥም ሜዳው ማንንም ከግዞት አላስፈታም፤ የተወሰደውንም እርሻና ሱቅ አላስመለሰም። ነገር ግን በግዞት ሠፈር ለመመገብ መሰለፍ፣ ለመታጠብ መሰለፍ፣ የሌላውን ፈቃድ መጠበቅ የየቀኑ ኑሮ ነበር። አባት ልጁን የሚመግበው በራሱ ላብ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ሜዳው ግን ከመንግሥት የተሰጣቸው አልነበረም፤ በእጃቸው የሠሩት ነበር። በዚያ ላይ ልጅ አባቱን ሲሠራና ሲመራ እንጂ ሲሰለፍ ብቻ አላየውም። የሜዳው ጥቅም በዚህ ብቻ እንዳላበቃ የሚከተለው ታሪክ ያስረዳል።

በሠፈሩ ውስጥ ቢዩት የተባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበረ፤ የቤዝቦል ቡድኑንም ዜኒሙራ ያሠለጥኑት ነበር። ከሠፈሩ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው በቱሳን ከተማ ያለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን ደግሞ የአሪዞና ሻምፒዮን ነበር። የቱሳን አሠልጣኝ ሀንክ ስላግል ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ግዞት ሠፈሩ ለመምጣት ተስማሙ። ቀኑ ሚያዝያ 18 ቀን 1945 ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከሞቱ ገና 6 ቀን ሆኖ ነበር፤ በኦኪናዋ ደሴት የአሜሪካና የጃፓን ወታደሮች በብርቱ ይዋጉ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የአሜሪካ ልጆችን «ጠላት» ወደ ተባለው ሕዝብ ሠፈር ለጨዋታ መውሰድ ቀላል ውሳኔ እንዳልነበረ መገመት አያስቸግርም።

ግጥሚያው እጅግ ብርቱ ነበር። 9ኙ ዙር አልቆ ሁለቱ ቡድኖች እኩል ስለ ሆኑ ዙር ተጨመረ። በ10ኛው ዙር ኬንሺ ዜኒሙራ በመታው ኳስ የማሸነፊያው ነጥብ ተገኘና የቢዩት ተማሪዎች 11 ለ10 አሸነፉ። የአሪዞና ሻምፒዮን በግዞተኛ ልጆች ተሸነፈ። ነገር ግን ከውጤቱ ይልቅ የሚበልጠው ነገር የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ልጆች በአንድ ሕግ ሥር፣ በአንድ ዳኛ ፊት፣ እኩል ሆነው መቆማቸው ነው። የግዞተኞቹ ወላጆች ዳኛ ፊት እንዲቆሙ እንኳ ዕድል አልተሰጣቸውም ነበር።

የመልስ ጨዋታው በቱሳን እንዲደረግ ታስቦ ነበር፤ ሆኖም ፈቃድ ስላልተገኘ ሳይደረግ ቀረ። የቱሳን ልጆች ወደ ሠፈሩ ለመግባት ቻሉ፤ የቢዩት ልጆች ግን ወደ ከተማው ሜዳ ለመሄድ አልቻሉም። በነዚያ ተማሪዎች መካከል በዕድሜም ሆነ በትምህርት፣ ከብዙዎቹም ዘንድ በዜግነት ልዩነት አልነበረም። የነበረው ልዩነት የዘር ብቻ ነበር።

በዚያው ዓመት ጦርነቱ አብቅቶ በኅዳር ወር ሠፈሩ ተዘጋ። ዜኒሙራ ወደ ፍሬስኖ ተመልሰው ወጣቶችን ማሠልጠን ቀጠሉ። በ1953 ኬንሶና ኬንሺ ወደ አባታቸው የትውልድ ከተማ ሄደው ለሂሮሺማ ካርፕ ቡድን ተጫወቱ። ይህች ከተማ በ1945 በአቶሚክ ቦምብ የጠፋችው ከተማ ናት። አባትየው በ1968 በመኪና አደጋ ሞቱ። ስለዚህ መንግሥት የሰጠውን ይቅርታ ለመስማት አልደረሱም። በ1983 ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ መንግሥት ኮሚሲዮን ለግዞቱ ምክንያት የሆኑት የዘር ጥላቻ፣ የጦርነት ድንጋጤና የመሪዎች ድክመት መሆናቸውን ገለጸ። በ1988 በወጣው ሕግም መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ለተገኙት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል ወሰነ።

የሳንቃ ቤቶቹ ፈርሰዋል፤ መሬቱም የጥንት ባለቤቶቹ ክልል እንደ ሆነ አለ። ሣሩና ጉሎውም የሚያጠጣቸው ሰው ሲሄድ ወደ በረሃነት ተመለሱ። ከዚያ ሁሉ ድካም የቀረው ትምህርት ግን እኛንም የሚመለከት ነው። በሌላ ትምህርት ቤት ሜዳ እንግዳ ሆነን የምንሄድበት ቀን አለ፤ ሌሎችም ወደ እኛ ሜዳ የሚመጡበት ቀን አለ። ያለ መልስ የሚቀር ግጥሚያ ግማሽ ግጥሚያ ነው። በ1945 ከአሠልጣኛቸው ጋር ወደ በረሃው የሄዱት የቱሳን ተማሪዎች ከታላላቆቹ ቀድመው የመጀመሪያውን ግማሽ ፈጽመዋል። ሁለተኛውን ግማሽ፣ ማለት የጎበኘነውን እንግዳ በተራችን በሜዳችን መቀበልን፣ በየዘመኑ ያለ ተማሪ ሊፈጽመው ይገባል።