የማትረግፈው ጽጌረዳ ለማን ተመረጠች?

የጽጌረዳ ችግኝ የሚገዛ ሰው ቀለሙን አይቶ ዋጋ ከተስማማ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «አበባው ይቆያል ወይስ ቶሎ ይረግፋል?» ሻጩም ሁሌ «ይቆያል» ይላል። እንደ ከሚሴ ባለ ከተማ ይህ ጥያቄ ክብደት አለው። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ በ1,400 ሜትር አካባቢ፣ ቦርከና በሚያጠጣው ሜዳ ላይ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት። ደጋ ላይ ሳምንት የምትቆይ አበባ እዚህ በሁለት በሦስት ቀን ግቢውን በቅጠሏ ታለብሳለች። (ከዚህ በታች «ቅጠል» ሲባል ባለቀለሙ የአበባ ቅጠል መሆኑ ይያዝልን፤ አረንጓዴው ሲነሳ በስሙ ይጠራል።)

ጥያቄው ተራ የጓሮ ጥያቄ ይምሰል እንጂ ከኋላው ረጅም ታሪክ አለ። የማትረግፍ ጽጌረዳ ዝም ብላ አልተገኘችም። ሰዎች መርጠው፣ አዳቅለው፣ ሌላውን ጥለው ያመጧት ናት። ሲመርጡ ግን የከሚሴን ባለጓሮ አላሰቡም፤ ቆይቶም ጭራሽ ባለጓሮ የሚባለውን ሰው ረሱት።

መነሻው ከቀጋ ይሁን። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ከጥንት ጀምሮ በራሷ የበቀለች ጽጌረዳ አንድ ብቻ ናት፤ እሷም ቀጋ ናት። እረኛ ሁሉ ያውቃታል፤ ፍሬዋን በልቶ፣ በእሾኋ ተቧጭሮ ያደገ ብዙ ነው። በሳይንስ መጽሐፍ የገባችው ግን በእንግሊዞች እጅ ነው። ሄንሪ ሶልት የተባለው መልእክተኛ እ.ኤ.አ. በ1805 እና በ1809–10 ወደ ሀገራችን መጥቶ ከትግራይ ሳያልፍ ተመለሰ። ይዞት ከሄደው የደረቀ ተክል መካከል ቀጋ ነበረች። ሮበርት ብራውን ስም ሰጣት፤ ጆን ሊንድሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1820 ባሳተመው የጽጌረዳ መጽሐፍ «ሮዛ አቢሲኒካ» ብሎ መዘገባት። ሊንድሊ ያኔ ገና የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበር፤ ሀገሩን በዓይኑ አላየም።

ቀጋ አምስት ነጭ ቅጠል አላት። ትፈነዳለች፣ ንብ ትጎበኛታለች፣ ብዙም ሳትቆይ ትረግፋለች። ይህን እንደ ጉድለት የሚያይ ሰው ካለ የቀጋን ሥራ አልተረዳም። የአበባ ቅጠል ለንብ የተዘረጋ ምልክት ነው፤ ንቧ ከመጣችና ዱቄቱ ከደረሰ በኋላ ምልክቱ አያስፈልግም። ተክሉ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ በቅጠሉ ሥር ያለው ስስ መስመር ይላላል፤ ቅጠሉ ይወድቃል። ጉልበቱ ወደ ፍሬ ይዞራል። እረኛው የሚበላው ፍሬ የዚያ መርገፍ ውጤት ነው።

ስለዚህ ቅጠሏን የምትይዝ ጽጌረዳ ማግኘት ማለት ይህን ሥራ ማዘግየት ማለት ነው። የመጀመሪያው ዘዴ ቅጠል ማብዛት ነበር። አንዳንድ ተክል በተፈጥሮ ስህተት የወንዴውን ክፍል ወደ ቅጠል ይለውጠዋል። ዱቄቱ ያንሳል፣ ንብ መግቢያ ታጣለች፣ አበባዋም ቶሎ ስለማትዳቀል ትቆያለች። ሰዎች እነዚህን እየለዩ አባዟቸው። ከአራት መቶ ዓመት በፊት የሆላንድ አትክልተኞች በቅጠል ብዛት «መቶ ቅጠል» እስከመባል የደረሰችውን ጽጌረዳ ያራቡ ነበር። ሽታዋ ግሩም ነው፤ የምታብበው ግን በዓመት አንዴ ነው።

ዓመቱን ሙሉ ማበብን ያመጣችው ቻይና ናት። በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የቻይና ጽጌረዳዎች በንግድ መርከብ አውሮፓ ደረሱ፤ ከአውሮፓዎቹ ጋር ተዳቀሉ። እ.ኤ.አ. በ1867 የሊዮኑ ዣን ባቲስት ጊዮ «ላ ፍራንስ» ያላትን አወጣ። የዛሬው «ዘመናዊ ጽጌረዳ» የሚባለው ዘመን ከእሷ ይቆጠራል፤ እንቡጧ ረጅምና ሹል፣ አከፋፈቷ ዝግ ያለ ነው።

ከዚህ ሁሉ መካከል ለጓሮ የተሠራች አንዲት ጽጌረዳ ልዩ ቦታ አላት። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ሜያን በ1930ዎቹ ያዳቀላትን አንዲት ቢጫ ጽጌረዳ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመዝጋቱ በፊት ቅርንጫፏን ወደ ውጭ ላከ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 1945፣ በርሊን ልትወድቅ ስትል፣ አሜሪካ ውስጥ «ፒስ» ማለትም «ሰላም» የሚል ስም ተሰጣት። የተባበሩት መንግሥታትን ለመመሥረት ሳን ፍራንሲስኮ ለተሰበሰቡት ልዑካን አንዳንድ አበባ ተሰጣቸው። ከአርባ በላይ የሆነው ቅጠሏ ወፍራም ነው፤ ሲነኩት ቆዳ ቆዳ ይላል። ጽጌረዳ አዋቂዎች ለመቆየት ከቅጠል ብዛት ይልቅ ይህን ውፍረት ይበልጥ ያምኑበታል። ትክክል ናቸው፤ ስስ ቅጠል ሺህ ቢሆንም ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ወረቀት ይደርቃል።

ያው ሜያን እ.ኤ.አ. በ1954 «ባካራ»ን አወጣ፤ ታሪኩም እዚህ ላይ ተጠመዘዘ። ባካራ ለጓሮ አልተሠራችም። መስታወት ቤት ውስጥ አድጋ፣ ተቆርጣ፣ ተጭና፣ ሱቅ ደርሳ፣ ከዚያም በውሃ ዕቃ ውስጥ እንድትቆም የተፈጠረች ቀይ ናት። በሚሊዮን ተተከለች። ሽታ ግን የላትም ማለት ይቻላል። ከእሷ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ የንግድ ጽጌረዳዎች በዚሁ መንገድ ሄዱ፤ ሽታ የሚያመነጨው ሥራና ረጅም ዕድሜ አብረው መሄድ ስለሚቸግራቸው ገበያው ዕድሜን መረጠ።

ባለቤትነትም በዚሁ ዘመን መጣ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1930 ለተክል የፈጠራ መብት የሚሰጥ ሕግ አወጣች፤ በማግስቱ ዓመት የተሰጠው የመጀመሪያው መብት ለጽጌረዳ ነበር። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1961 የአዳቃዮችን መብት በስምምነት አጸናች። ከዚያ በኋላ ለአዲስ ዝርያ በእያንዳንዱ ተክል ይከፈላል።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ዓለም የገባችው ዘግይታ ነው። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ የመንግሥት እርሻዎች ሜዳ ላይ የሚበቅሉ የበጋ አበቦችን ወደ አውሮፓ ይልኩ ነበር። የጽጌረዳው ዘመን የተከፈተው ግን በ1990ዎቹ ነው። ጎልደን ሮዝ በ1992 ዓ.ም. አካባቢ ተፍኪ አጠገብ ዘመናዊ የብረት ግሪንሀውስ ተከለ። ትንሽ ቆይቶ የሆላንዱ ሼር ዝዋይ ላይ ሰፈረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ ጽጌረዳ ላኪ ሆነች። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ ቁጥር 481 ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ የውጭ አዳቃዮች ጥበቃ ሳያገኙ አዲስ ዝርያቸውን መስጠት አይፈልጉም ነበር። ግሪንሀውሱ ያለበት መሬት፣ ውሃውና እጁ የኢትዮጵያ ነው። የዝርያው ስምና ባለቤትነት ግን በአብዛኛው የሆላንድ፣ የጀርመን፣ የፈረንሳይ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የከሚሴን ሰው በቀጥታ የሚነካ አንድ ነገር አለ፤ ከፍታ። የአበባ እርሻዎች በዘፈቀደ አልሰፈሩም። ሆለታ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ እንቡጡ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ አበባው ትልቅ ግንዱም ረጅም ይሆናል። ዝዋይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ በቶሎ የሚደርሱ፣ ጭንቅላታቸው አነስ ያሉ ዝርያዎች ይበዙበታል። ከሚሴ ከዝዋይም ዝቅ ትላለች። ቀጋ ራሷ በአብዛኛው ከ1,900 ሜትር በላይ የምትበቅል የደጋ ልጅ ናት፤ በምዕራብ በኩል ባለው የተራራ ግድግዳ ላይ እንጂ ጨፋ ሜዳ ላይ አትፈለግም። የሀገሬው ጽጌረዳ ያልደፈረችውን ሙቀት ከሆለታ ግሪንሀውስ የወጣች ቁራጭ ትቋቋመዋለች ማለት ተስፋ ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም።

ይህ መነገር ያለበት ብዙ ሰው ከአዲስ አበባ ሲመለስ እቅፍ አበባ ይዞ መጥቶ፣ ሲጠወልግ ግንዱን ቆርጦ ስለሚተክል ነው። ግንዱ ሥር ሊያወጣ ይችላል። ነገር ግን እርሻ ላይ ያቺ ጽጌረዳ በራሷ ሥር አልቆመችም፤ ብዙውን ጊዜ «ናታል ብራየር» በሚባል ብርቱ የጽጌረዳ ሥር ላይ የተከተበች ናት። በላይዋ ፕላስቲክ ጣራ፣ በሥሯ በጠብታ የሚለካ ውሃና ማዳበሪያ ነበራት። ይህን ሁሉ ተነጥቃ ሐምሌ ዝናብ ሲመታት አረንጓዴ ቅጠሏ ጥቁር ነጥብ ይይዛል፣ አመድ መሳይ ሻጋታ ይወርሳታል። በውሃ ዕቃ ውስጥ ሁለት ሳምንት የቆመችው ጓሮ ውስጥ ሁለት ቀን አትቆምም። ሻጩ አልዋሸም ይሆናል፤ «ትቆያለች» የተባለው ለሌላ ቤት ነው።

ታዲያ ምን ይመረጥ? ቅጠሏ ከሃያ አምስት እስከ አርባ የሚሆን፣ በጣት ሲያዝ የሚወፍር፣ እንቡጧ ዝግ ብሎ የሚከፈት ትሻላለች። ጥቁር ቀይ በከሚሴ ፀሐይ ዳሩ ይቃጠላል፤ ክሬምና ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን ስሟን ከመጠየቅ ይልቅ እናቲቱን ተክል እዚያው ከተማ፣ እዚያው ሙቀት ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ሄዶ ማየት ይበልጣል። በጎረቤት ግቢ አሥር ዓመት የቆየች ስም የለሽ ጽጌረዳ ባለ ማዕረጉን ዝርያ ትረታለች፤ በዚያ አየር ተፈትናለችና። ከሰዓት ፀሐይ የሚከልላት የማንጎ ዛፍ ወይም ግንብ ካለ፣ ውሃው በማለዳ ከሥሯ ከጠለቀ፣ ዕድሜዋ ይጨምራል። ከተገረዘች ስድስት ሰባት ሳምንት ቆይታ ታብባለች፤ በመስከረም አጋማሽ የገረዛት ሰው አበባዋን ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በኅዳር ያገኛል። ተቆርጣ ቤት የገባችውን ደግሞ ከበሰለ ማንጎና ሙዝ ማራቅ ነው። ፍሬው ሲበስል የሚያወጣው ያንኑ ቅጠል የሚጥለውን ኤቲሊን ነው።

አንድ ነገር ግን በምርጫው ውስጥ ሊዘለል አይገባም። የወሎ ጓሮ ከጥንትም የተተከለው ለዓይን ብቻ አይደለም። አሪቲ፣ ሪሃን፣ ጠጅ ሳር፣ ጤና አዳም፤ እነዚህ ሁሉ የሚለኩት በሽታቸው ነው። አሪቲ አበባው ስንት ቀን ቆመ ብሎ የጠየቀ የለም። በዚህ ጓሮ መካከል ሽታ የሌላት፣ ለአሥር ቀን ቀጥ ብላ የምትቆም ቀይ ጽጌረዳ ስትተከል የገባችው አበባ ብቻ አይደለችም፤ የአውሮፓ ሱቅ መመዘኛም አብሯት ገብቷል። መመዘኛው ለሱቁ ልክ ነው። ለላኪው፣ ለአየር መንገዱ፣ በግማሽ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለሚቆጠረው የሀገር ገቢም ልክ ነው። እናት ጠዋት ቡና ስታፈላ በር ላይ ቆማ ለምታሸታት ጽጌረዳ ግን ልክ አይደለም። ሽታ ያላት በሦስት ቀን ብትረግፍም በየስድስት ሳምንቱ ትመለሳለች። ሁለቱ አብረው የማይገኙ ከሆነ በከሚሴ ሚዛን ሽታው ቢያመዝን ይሻላል።

ዕድሜው ራሱ ምን ያህል ዋስትና እንደሆነ በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ታይቷል። ኮሮና አውሮፓን ሲዘጋ የሆላንድ የአበባ ጨረታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተንኮታኮተ፤ አበባ በመኪና እየተጫነ ተደፋ፤ እዚህም እርሻዎች የቆረጡትን ጣሉ። ለመቆየት ስትመረጥ ሰባ ዓመት የተደከመባት ጽጌረዳ ገዢ እስኪመጣ መቆየት አልቻለችም።

ከሚሴና ዙሪያዋ ባለፉት ዓመታት በዜና ሲነሱ በግጭትና በተፈናቃይ ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ስለ ጽጌረዳ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። ቤቱ ተመልሶ አጥር የሚሠራ ሰው ግን መጀመሪያ ከሚተክላቸው ነገሮች አንዱ አበባ መሆኑን ያየ ሁሉ ያውቃል። ችግኝ ጣቢያዎችም በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ ስም የሚያፈሉት ብዙ ነው፤ ከዚያ መካከል በከተማው ሙቀት የተፈተነች፣ የምትሸት ጽጌረዳን መለየትና በአግባቡ መክተብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከቅርብ ደጋ የቀጋ ሥር አምጥቶ በላዩ መክተብን መሞከርም ይቻላል፤ ድርቅና ድንጋይ የለመደ ሥር ነው። ቆላው ላይ ይይዛል አይይዝም የሚለውን ሁለት ክረምት ይለየዋል። ቀጋው ግን በየዓመቱ ለአጥርና ለማገዶ እየተቆረጠ ነው።