እንግሊዝኛ ለማስተማር ወደ ደቡብ ኮሪያ ወይም ጃፓን መሄድ፦ ነባር ሕመም ላለባቸው

ስኳር፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም ድባቴ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ውጭ አገር ሄደው ማስተማር ይችላሉ። አንዳንዴ ጉዞውን የሚያሰናክለው ሕመሙ ሳይሆን መድኃኒቱ ነው። በአንድ አገር በሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጥ መድኃኒት በሌላ አገር ሊያሳስር ይችላል። ይህ መረጃ በተለይ በአሜሪካ፣ በካናዳና በመሳሰሉት አገሮች ለሚኖሩና ለማስተማር ለሚያመለክቱ ወጣቶች እንዲሁም ለቤተሰቦቻቸው ይጠቅማል።

የጤና ምርመራ

ደቡብ ኮሪያ ለውጭ ቋንቋ መምህራን በምትሰጠው ኢ-2 ቪዛ የሚገቡ ሰዎች እዚያው የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ያደርጋሉ። ኮዴይን ያለበት የሳል ወይም የሕመም ማስታገሻ ውጤቱን ሊለውጥ ስለሚችል፣ የሚወስዱትን ሁሉ ከምርመራው በፊት ይናገሩ። ለእነዚህ መምህራን ግዴታ የነበረው የኤችአይቪ ምርመራ በ2017 እ.ኤ.አ. ቀርቷል።

ቀደም ሲል የሳንባ ነቀርሳ ታመው የዳኑ ከሆነ ጠባሳው በደረት ራጅ ላይ ሊታይ ይችላል። ሕክምናውን መጨረስዎን የሚገልጽ ማስረጃና የድሮውን ራጅ ይያዙ።

ከመድኃኒቶች መካከል ጥንቃቄ የሚሹት

• አዴራል፦ ኤዲኤችዲ ለሚባለው የትኩረት ችግር የሚታዘዝ ሲሆን አምፌታሚን አለበት። ወደ ጃፓን በሐኪም ትዕዛዝም ቢሆን አይገባም። ቤተሰብ በፖስታ ቢልከው ተቀባዩ ሊታሰር ይችላል። ከጉዞው ከወራት በፊት ሌላ አማራጭ እንዲፈለግ ሐኪምዎን ይጠይቁ።
• ፕሱዶኤፌድሪን፦ መጠኑ ከ10 በመቶ የሚበልጥ የጉንፋን መድኃኒት ወደ ጃፓን ማስገባት ክልክል ነው።
• ሞርፊን፣ ኦክሲኮዶንና መሰል ጠንካራ ማስታገሻዎች፦ ለጃፓን ከጉዞው በፊት ፈቃድ ያስፈልጋል።
• ሌሎች በሐኪም የታዘዙ መድኃኒቶች፦ ከአንድ ወር ፍጆታ በላይ ወደ ጃፓን ለመያዝ አስቀድሞ የማስገቢያ ማረጋገጫ ይወጣል።

እንደ ሕመሙ ዓይነት

ስኳር፦ ኢንሱሊን በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ በአውሮፕላኑ የዕቃ ክፍል ውስጥ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። ዋሽንግተንና ሴኡል የ13 ወይም 14 ሰዓት ልዩነት ስላላቸው፣ በጉዞው ቀን የሚወሰደውን መጠን ከሐኪም ጋር አስቀድመው ይወስኑ።

የሚጥል በሽታ፦ እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። ከደረሱ በኋላ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት የማረፊያ ቀናት ይኑርዎት።

አስም፦ በኮሪያ በጸደይ ወራት ከሞንጎሊያና ከቻይና በረሃዎች የሚነሣ ቢጫ አቧራ ይነፍሳል። መንፊያዎ ሁልጊዜ ከእጅዎ አይራቅ።

ድባቴ፦ «ሻል ብሎኛል» ብሎ ወይም ቀጣሪ እንዳያውቅ በመስጋት መድኃኒት በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። የብቸኝነት ስሜት በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊበረታ ይችላል። የሚመደቡበት ቦታ ገጠር ከሆነ እንግሊዝኛ የሚናገር የሥነ አእምሮ ባለሙያ ማግኘት ሊያስቸግር ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ።

ለቀጣሪው ምን ይባላል?

የጤና ቅጹን በእውነት ይሙሉ። የተደበቀ ሕመም በኋላ ሲታወቅ ሥራን ሊያሳጣ ይችላል። የሕመሙን ስም፣ በቁጥጥር ሥር መሆኑን፣ የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስምና መጠን የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ አብሮ ቢቀርብ ይረዳል።

የጤና መድን

በጃፓን የሕዝብ ጤና መድን አብዛኛው ታካሚ የሕክምናውን ወጪ 30 በመቶ ይከፍላል፤ ነባር ሕመምም ይሸፈናል። የግል የጉዞ መድኖች ግን ብዙ ጊዜ ነባር ሕመምን ስለማይሸፍኑ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡ።

ለቤተሰብ

የሐኪሙን ደብዳቤና የመድኃኒቶቹን ዝርዝር ቅጂ ቤት አስቀምጡ። ልጃችሁ ስልክ ማንሣት ካቆመ፣ እንቅልፍ እንዳጣ ወይም መድኃኒቱን እንዳቋረጠ ከተናገረ ሳትዘገዩ ሐኪም እንዲያይ ገፋፉት። ራስን የመጉዳት ሐሳብ፣ የማያቆም መንቀጥቀጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ እዚያው ወደ 119 ይደወል፤ በኮሪያም በጃፓንም የአምቡላንስ ቁጥር ይኸው ነው።